የመግሪብ ወንበር

በ2016 ዓ.ም.፣ የበጋው ወራት ሊያልቅ ሲል፣ በመጋቢት፣ ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ቀን ገቡ።

ሰው ሁሉ ደስ አለው። ታክሲ ውስጥ፣ ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ፣ ወሬው ይኸው ነበር። አገሩ በሙሉ አብሮ ሊጾም ነው ይባባላል። እኔም አመሰገንኩ። ወዲያው ግን ሐሳቤ ወደ አንድ ወንበር ሄደ።

የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ ነኝ። ሰዎች ምን እንደምሠራ ሲጠይቁኝ “አውሮፕላን አሰልፋለሁ” እላለሁ። ከዚህ ያጠረ መልስ አላገኘሁም። አውሮፕላኖች ከየአቅጣጫው ይመጣሉ። ሰማዩ ሰፊ ነው፤ የሚያርፉበት ማኮብኮቢያ ግን በአንድ ጊዜ የሚቀበለው አንዱን ብቻ ነው። ማን ይቅደም፣ ማን ይከተል፣ ማን ዞር ብሎ ይምጣ፣ በሁለት አራፊዎች መሀል ደግሞ መሬት ላይ ከቆሙት የትኛው ይነሳ፤ ይህን የምንወስነው እኛ ነን። ትልቅ አውሮፕላን ሲያልፍ ከኋላው ያለውን አየር ያውከዋል። ስለዚህ ትንሽ አውሮፕላን በቅርብ አይከተለውም፤ ራቅ ይደረጋል። ከልክ በላይ ካራቅነው ደግሞ ከኋላ የሚመጡት ይከማቻሉ። ቀኑን ሙሉ የምናስበው ይህንኑ ነው።

በራዳሩ ክፍል ለእያንዳንዱ አውሮፕላን አንዲት ቁራጭ ወረቀት አለች። በላስቲክ መያዣ ውስጥ ትገባና ሰሌዳው ላይ ትደረደራለች። ከሁሉ በታች ያለችው ቀድማ የምታርፈው ናት። እሷ ስታርፍ ትነሳለች፤ ከላይ ያሉት አንድ አንድ ደረጃ ይወርዳሉ። ወንበሩን የሚለቅና የሚረከብ ሰው ዝም ብሎ አይቀያየርም። ተረካቢው መጥቶ ከተቀማጩ ጀርባ ይቆምና ያዳምጣል። ሰማዩ ላይ ማን የት እንዳለ በደንብ ሲገባው የተቀማጩን ትከሻ ይነካል፤ “ተረክቤያለሁ” ይላል። ያኔ ብቻ ይነሳሉ።

ከእኔ ጋር በአንድ ዓመት የተቀጠረች ባልደረባ አለችኝ። ቤቷ ወሎ ሰፈር ስለሆነ መሥሪያ ቤቱ “የወሎ ሰፈሯ” ይላታል፤ እኔን “የካዛንቺሷ”። ሰርቪሱ መጀመሪያ እኔን ያነሳና በኦሎምፒያ አድርጎ እሷን ይወስዳል። እሷ ሙስሊም ናት፤ እኔ ክርስቲያን። ማንም ሳያዘን፣ የትም ሳይጻፍ የቆየ አንድ ልማድ ነበረን። በፍልሰታ የእኔን የከሰዓት ፈረቃ እሷ ትወስዳለች፤ እኔ የእሷን ጠዋት ሠርቼ ቅዳሴ እደርሳለሁ። በረመዳን ደግሞ ፀሐይ ስትጠልቅ ራዳሩ ላይ እኔ እቀመጣለሁ። እሷ ሄዳ ታፈጥራለች፣ ትሰግዳለች፣ ተረጋግታ ትመለሳለች። ያ ሰዓት የሚመጡት የሚበዙበት ነው። ከጎረቤት አገሮችም ከክፍለ ሀገርም ተከታትለው ይደርሳሉ። ስለዚህ ለዚያች የማታ ወንበር መሥሪያ ቤቱ ውስጥ፣ ከፀሐይ መጥለቂያው ሶላት ተወስዶ፣ ስም ወጣላት፤ የመግሪብ ወንበር። “መግሪብን ማን ይዟል?” ይባላል። “የካዛንቺሷ” ይባላል። አዲስ ሰው ሲሰማ ይስቃል።

ረመዳን በየዓመቱ ቀደም ቀደም እያለ ይመጣል። መጀመሪያ የሁዳዴን ጫፍ ነካ። ቀጥሎ እየገባ ሄደ። በዚያ ዓመት በሩ ላይ ተገናኙ።

ለሌሎቹ ክርስቲያኖች ይህ ችግር አልነበረም። ቅዳሴ ሲወጣ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ይበላሉ፤ ማታ ሆዳቸው ባዶ አይደለም። የእኔ ግን ስለት ነበር።

ልጄ ትንሽ ሳለች ማጅራት ገትር ያዛት። አንገቷ እንደ እንጨት ደርቆ፣ ዐይኗ ተገልብጦ፣ ሆስፒታል ውስጥ አልጋዋ ሥር ተንበርክኬ ተሳልኩ። “ይህችን ብትተውልኝ፣ ሰባት ሁዳዴ ፀሐይ እስክትጠልቅ እህልም ውኃም አልቀምስም” አልኩ። ተወልኝ። ሐኪሞቹን እግዚአብሔር ይስጣቸው። ብዙ ልጅ ከዚህ በሽታ ሲነሳ ጆሮው ይቀራል ብለውኝ ነበር፤ የእሷ ጆሮ እንኳን አልተነካም። ሌላው ክፍል ሆኜ ባንሾካሹክ ትሰማኛለች። ባለፉት ዓመታት ከረመዳን ጋር የገጠሙትን ቀኖች እንደምንም አልፌያቸዋለሁ፤ ያ ዓመት የስለቱ የመጨረሻ ሁዳዴ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ሰርቪስ ውስጥ የወሎ ሰፈሯ አጠገቤ ተቀመጠች።

“እንግዲህ ምን ልናደርግ ነው?” አለችኝ።

“እንደ ድሮው ነዋ።”

“አንቺም እኮ እስከ ማታ ነሽ።”

“የእኔ ትንሽ ይቆያል። አንቺ አፍጥረሽ፣ ሰግደሽ ነይ። ከዚያ እኔ እወጣለሁ።”

“ስለትሽ ፀሐይ ስትገባ ያልቃል። ከዚያ በላይ የጾምሽውን ማን ይቆጥርልሻል?”

“አንቺ ቁጠሪልኝ።”

“በቃ፣ ቄስ ሆንሽብኝ” አለችና ሳቀች። ከዚያ እጄን ያዘች። “ሲያቅትሽ ትነግሪኛለሽ፤ እሺ?”

እሺ አልኳት።

በዚያ ወር ሁለታችንም ከሰዓት በኋላ እንገባ ነበር። ጠዋት ልጄን ወደ ትምህርት ቤት እልካለሁ። ካዛንቺስ ያኔ ገና አልፈረሰም። ቤታችን ከሆቴሎቹ ጀርባ፣ አንድ ግቢ ውስጥ፣ ከሌሎች ቤቶች ጋር ግድግዳ የምንጋራበት የቀበሌ ቤት ነበር። ጎረቤት ሽንኩርት ሲጠብስ እኛ ቤት ይሸታል። ልጄ አሥረኛ ክፍል ነበረች። የጾም ምግብ ነው የምትበላው፤ ቁርሷን ግን በልታ ነው የምትወጣው፣ ምሳዋንም እቋጥርላታለሁ። ሽሮ ፍትፍት፣ አንዳንዴ ምስር፣ አንዳንዴ ፓስቲ። ምሳ ዕቃው ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ያለ ነው። ክዳኑ ላይ የነበረው ጥንቸል ጆሮው ብቻ ቀርቷል።

“ማሚ፣ ክፍል ውስጥ እኮ እኔ ብቻ ነኝ ምሳ የምይዘው” ትለኛለች።

“ያዢው።”

“ማለቴ፣ ሁሉም እኮ ይጾማል።”

“አንቺ ታመሽ ነበር። ያዢው።”

ምሳ ዕቃውን ከእጄ ተቀብላ ትወጣለች። ማታ ባዶውን ይዛ ትመጣለች። ባዶነቱን ሳይ ደስ ይለኛል።

የመጀመሪያው ሳምንት አለፈ። ሁለተኛው ከበደኝ። ረሃቡን ለምጄዋለሁ፤ ስድስት ዓመት አብረን ኖረናል። የከበደኝ መናገሩ ነው። በዚያ ወንበር ላይ ያለማቋረጥ ይወራል። አንዱን አብራሪ ወደ ግራ ታጠፍ ትያለሽ፣ እሱ ደግሞ ይመልስልሻል፣ መልሱ ትክክል መሆኑን ትሰሚያለሽ፣ ወደ ሌላው ትሄጃለሽ። አፍ ይደርቃል፤ ምላስ ከላንቃ ይጣበቃል። ፀሐይዋ መቼ እንደገባች አላይም፤ ክፍሉ መስኮት የለውም። የማውቀው የወሎ ሰፈሯ ስልክ አዛን ሲል ነው። እሷ ትነሳለች፤ እኔ እቀመጣለሁ። ስትመለስ አንዳንዴ ብዙ አውሮፕላን ስለሚኖር ወዲያው አልነሳም። ቤት ስገባ ለመብላት እንኳን አቅም አጣለሁ። ቆሜ ውዳሴ ማርያም እጀምርና ግድግዳውን ተደግፌ ስጨርስ ራሴን አገኘዋለሁ።

የፈረቃ አለቃችን ለጡረታ የደረሱ ሰው ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ስኳር ስላለባቸው ሐኪም ጾም ከልክሏቸዋል። ጥብቅ ክርስቲያን ናቸው፤ ይህ ነገር ያማቸው ነበር። በጾም ወራት የሚበሉት በማረፊያ ክፍሉ ጥግ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ነው።

“ጋሼ፣ ዛሬ ምንድን ነው የሚሸተው?” ትላቸዋለች የወሎ ሰፈሯ። “ቢያንስ ሽታውን ያካፍሉን እንጂ።”

“ሽታም ጾም ያፈርሳል። ዞር በይ ከዚህ።”

“እኔማ ላጽናናዎት ብዬ ነው።”

“አንቺ ልታጽናኚኝ? ባዶ ሆድ ሲያወራ ነው እንጂ።”

ይስቃሉ። ግን የምሳ ሣህናቸውን ሲያጥቡ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ይቅርታ እየጠየቁ እንደሆነ አውቃለሁ።

ከወሩ እኩሌታ በኋላ፣ አንድ ቀን ከሰዓት፣ ከየረር ተራራ በኩል ደመና ተነሳ። የበልግ ደመና ነው፤ ሳይታሰብ ይቆማል። ከምሥራቅ የሚመጡት በዚያ በኩል ነው የሚገቡት። ማታ ላይ ደመናው ራዳሩ ላይ እንደ ትልቅ እድፍ ተዘረጋ። አዛን ሲል የወሎ ሰፈሯን ተረከብኳት።

“ልቆይ ይሆን?” አለችኝ፣ ትከሻዬ ላይ እጇን ሳታነሳ።

“ሂጂ። ቶሎ ነይ።”

ሄደች። አብራሪዎቹ ተራ በተራ መጠየቅ ጀመሩ። አንዱ ደመናውን በግራ ልለፍ ይላል፤ ሌላው በቀኝ። ሁሉም ልክ ናቸው፤ ማንም ወደዚያ ጥቁር ነገር መግባት አይፈልግም። ግን አንዱን በግራ ባሳለፍኩ ቁጥር ሰልፉ ይፈርሳል፤ እንደገና መደርደር አለብኝ። ወረቀት አነሳለሁ፣ አወርዳለሁ። መሬት ላይ ያሉት ለመነሳት ተሰልፈዋል፤ ማማው ላይ ያለው ባልደረባ “ክፍተት ስጪኝ” ይላል፣ “የለኝም” እለዋለሁ። አፌ ደርቋል።

ከሁሉ ፊት ሁለት ነበሩ። አንዷ ከክፍለ ሀገር የምትመጣ ትንሽ አውሮፕላን፣ አንዱ ከውጭ የሚመጣ ትልቅ። ትንሿን አስቀድሜ ትልቁን ላስከትል ወስኛለሁ። ለሁለቱም አብራሪዎች ነግሬያቸዋለሁ፤ ሁለቱም ደግመውልኛል። ከዚያ ወረቀቶቻቸውን ሰሌዳው ላይ አስተካከልኩ።

ለሌላ አብራሪ ስመልስ ከጀርባዬ አንድ እጅ መጣ። ሰሌዳው ላይ ከታች ያሉትን ሁለት ወረቀቶች አነሳና ቦታቸውን አቀያየረ።

አየሁት። እኔ ትልቁን ከታች፣ ትንሿን ከላይ አድርጌ ነበር ያስቀመጥኳቸው። አፌ ትንሿ ትቅደም ብሏል፤ እጄ ትልቁን አስቀድሟል። ቀጥዬ የማየው ሰሌዳውን ነበር። ሰሌዳውን አይቼ ትልቁን አስቀድሜ ወደ ውስጥ አዞረው ነበር፤ ትንሿ ወደምትገባበት።

ገና ሩቅ ለሩቅ ነበሩ። ምንም አልሆነም። ሰማይ ላይ ያለ ሰው አንድም ነገር አላወቀም።

ዞር ብዬ አየሁ። የወሎ ሰፈሯ ናት። ከጀርባዬ ቆማ ስታዳምጥ ነበር። በሌላው እጇ ቴምር ይዛለች። አልተነከሰም።

“ተነሺ” አለችኝ በቀስታ።

“አላፈጠርሽም።”

“ድምፅሽን ከኮሪደር ሰምቼ ነው የተመለስኩት። ተነሺ።”

ለአንድ አብራሪ መለስኩ። “አንቺም ባዶ ሆድሽን ነሽ” አልኳት።

“ታዲያ ሁለት ባዶ ሆድ እዚህ ይጨቃጨቅ?”

ጋሼ ገቡ። እኔን አዩ፣ እሷን አዩ፣ ቴምሩን አዩ። ሁለተኛውን ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ አደረጉና ከጀርባዬ ቆሙ። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ሰልፉን ሲያዳምጡ ትንፋሻቸው ይሰማኛል። ከዚያ ትከሻዬን ነኩ።

“ተረክቤያለሁ።”

ተነሳሁ። የወሎ ሰፈሯ በብብቴ ገብታ ያዘችኝ። ጋሼ ሳይዞሩ፣ ዐይናቸው ራዳሩ ላይ እንዳለ፣ “ሂዱ ብሉ፣ እናንተ ጿሚዎች” አሉ። “ስኳሩን የሰጠኝ ለዛሬ ነው መሰለኝ።”

ማረፊያ ክፍሉ ውስጥ ቴምሩን ከሁለት ከፈለችው። የጸለየችውን ጸለየች፤ እኔም አማተብኩ። በላን። ውኃ ጠጣን። ከላይ አንዱ ሲያርፍ ሰማን፤ ትንሿ ነበረች። ቆይቶ ትልቁ ተከተለ። የትልቁ ድምፅ መስኮቱን ሲያንቀጠቅጠው የወሎ ሰፈሯ ዐይኗን ጨፈነች። “አልሐምዱሊላህ” አለች። “ተመስገን” አልኩ።

ደመናው አለፈና ሰልፉ ሲሳሳ ሌላ ሰው ተረከባቸው። ጋሼ መጥተው ፊት ለፊታችን ተቀመጡ።

“ዛሬ የሆነ ነገር የለም” አሉ። “እግዚአብሔር ይመስገን። የሚመለከተው ክፍል እንዲያውቀው አደርጋለሁ፤ ይህ ለወቀሳ አይደለም። ግን ከእንግዲህ በዚያ ሰዓት እዚያ ወንበር ላይ በባዶ ሆድ የሚቀመጥ የለም።”

“እሷስ?” አልኳቸው።

“እሷማ ጾሙ ግዴታዋ ነው። በመግሪብ አላስቀምጣትም። የምትቀመጪው አንቺ ነሽ፤ ግን በልተሽ።”

“ስለት አለብኝ ጋሼ።”

“አውቃለሁ።”

“የመጨረሻው ነው።”

“አውቃለሁ ልጄ። እኔም ጾም ነበረኝ።” ጣታቸውን ጠረጴዛው ላይ ወዲያና ወዲህ አደረጉ። “እምቢ ካልሽ ወደ ጠዋት ፈረቃ አዛውርሻለሁ፤ አልቀየምሽም። ያኔ ግን መግሪብን የሚይዝልን የለም። አዲሶቹን ልጆች በዚያ ሰዓት አላምናቸውም፤ እኔም ፈረቃውን ትቼ በየማታው አልቀመጥም። ነገ ዕረፍታችሁ ነው። አስቢበት።”

በሰርቪሱ ስንመለስ ይዘንብ ነበር። ወሎ ሰፈር ላይ ሳምቡሳ የሚሸጡት ሴቶች ጃንጥላቸውን እያጠፉ ነው። የወሎ ሰፈሯ ከመውረዷ በፊት ወደ እኔ ዞረች።

“በእኔ ምክንያት ስለትሽን እንዳትፈቺ። እኔ እቀመጣለሁ። ቴምር አፌ ውስጥ አድርጌ እቀመጣለሁ።”

“ቴምር ጎርሰሽ ለካፒቴኑ ምን ልትዪው ነው?”

“በምልክት አወርደዋለሁ።”

ሹፌሩ ሳይቀር ሳቀ። ስትወርድ ግን ፊቷን አየሁት። ደክሟታል። እሷም እናት ናት፤ ቤት የሚጠብቋት አሉ። እኔ ስለቴን ከጠበቅሁ፣ ጋሼ ቢከለክሉም፣ የምትቀመጠው እሷ ናት። እኔ ደግሞ ወንበሩን ከያዝኩ ስለቴ ይፈርሳል። ከኦሎምፒያ እስከ ካዛንቺስ ይህንን ሳወጣና ሳወርድ፣ አውሮፕላን ቢሆን አንዱን ራቅ አድርጌ አዞረው ነበር ብዬ አሰብኩ። ስለትን ግን ወዴት ያዞሩታል?

በማግስቱ ቅዳሴ ሄድኩ። ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቴን ጠበቅኋቸው። ደጀ ሰላሙ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። መስቀላቸውን ተሳለምኩ።

“ጠቁረሻል” አሉኝ።

ነገርኳቸው። ሁሉንም፣ የወረቀቶቹንም። አውሮፕላን ተሳፍረው አያውቁም። ሲያዳምጡ ቀና ብለው ሰማዩን አዩ።

“አንዱ ምን ያህል ሰው ይይዛል?”

“ትልቁ፣ እሑድ ወንዶች የሚቆሙበትን ወገን የሚሞላ ሰው ይይዛል አባ።”

“የሴቶቹንስ ወገን?”

“የሴቶቹን ሌላው ይዞ ከኋላ ይመጣል።”

ራሳቸውን ነቀነቁ።

“ስለቱ በማን ነበር?”

“በልጄ።”

“አሁን እንዴት ናት?”

“ደኅና ናት፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ትማራለች።”

“ትጾማለች?”

“የጾም ምግብ ነው የምትበላው። ቁርስና ምሳዋን ግን አላስቀርባትም።”

“ለምን?”

“ታማ ነበር አባ።”

“ታማ ነበር” ብለው ደገሙት። “ልጄ፣ ማታ ማታ ድናለች ብለሽ ስታመሰግኚ ኖረሻል። ጠዋት ጠዋት ደግሞ አልዳነችም ብለሽ ምሳ ትቋጥሪያለሽ።”

የነጠላዬን ጫፍ ይዤ ቆምኩ።

“አንቺ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብዪና ሥራሽን ሥሪ። ቤተ ክርስቲያን ይህን አልከለከለችም። የስለቱን የቀረ ቀን፣ ከፈቀደች፣ ልጅቷ ትፈጽመው። በእሷ የተሳልሽው ነው።”

“ካልፈቀደችስ?”

“ካልፈቀደች እኔ አለሁ። የልጄን ስለት መሸከም አያቅተኝም።” በመስቀላቸው ግንባሬን ነኩ። “ሂጂ፣ ዛሬስ ተኚ።”

ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ተኝቼ አገኘችኝ። ደነገጠች፤ በቀን ተኝቼ አይታኝ አታውቅም። ተነሳሁና አጠገቤ አስቀመጥኳት። ስለ ሥራዬ ብዙም አልነገርኳትም። አባ ያሉትን ነገርኳት።

“ማሚ፣ ሙድ እየያዝሽብኝ ነው?”

“አይደለም።”

“እስከ ማታ? እኔ?”

“ከፈቀድሽ ነው። ይከብዳል፤ እንቢ ብትዪ አባ ይፈጽሙልኛል።”

ምሳ ዕቃውን ከቦርሳዋ አወጣች። እንደ ሁልጊዜው ባዶ ነበር። ክዳኑን ስትከፍትና ስትዘጋ ቆየች።

“አትቆጪም?”

“ምን አድርገሽ?”

“በሁዳዴ ምሳ ሰዓት ላይ ከፍቼው አላውቅም። ቁርሱን እሺ፣ አንቺ ቆመሽ ስለምታዪኝ ነው። ምሳውን ግን ዘጠኝ ሰዓት ስንወጣ፣ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሜ ነው የምበላው። ከጓደኞቼ ጋር። ማለቴ፣ ባዶውን ካላመጣሁ ስለምታለቅሺ ነው።”

“ከመቼ ጀምሮ?”

“ከስምንተኛ ክፍል።”

አየኋት። ከእኔ ትረዝማለች። ፊቷ ሙሉ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ምን እንደምጠብቅ አላውቅም፤ አንገቷ እንደገና እስኪደርቅ ይመስለኛል።

“እስከ ማታ ግን ሌላ ነው” አልኳት።

“አንቺ ችለሽዋል አይደል?”

“እኔ እናት ነኝ።”

“እኔ ደግሞ የታመምኩት ነኝ” አለችኝ። “በቃ፣ የእኔ ነው። ስጪኝ።”

አቀፍኳት። የወሎ ሰፈሯ ጋ ደወልኩና “መግሪብን እኔ ይዣለሁ፤ በልቼ” አልኳት። “ልጄን ሳሚልኝ” አለች። ለእሷም ልጇ ናት።

በማግስቱ ጠዋት፣ እንደ ሁልጊዜው፣ ሽሮ ሠራሁ። ፈትፍቼ ምሳ ዕቃው ውስጥ አደረግሁ፤ ማንኪያውን ከጎኑ ከተትኩ። ልጄ ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ ቦርሳዋን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። እጇን አልዘረጋችም። ግንባሯን ሳምኳት፤ ወጣች። የግቢው በር እስኪዘጋ ድምፁን ሰማሁ። ከዚያ ምሳ ዕቃውን አንስቼ በራሴ ቦርሳ ውስጥ፣ ከመዝሙረ ዳዊቴ አጠገብ አስቀመጥኩት።